በሁዳዴ የተሠራች መርከብ፦ የ9,090 ፍሬ፣ የአንድ ሳሎን እና የአንድ ጋሼ ዝምታ ቅድመ ጥናት

መነሻ

ታላላቅ መርከቦች የተሠሩባቸው ሥፍራዎች በታሪክ ተመዝግበዋል። የቤልፋስቱ ሃርላንድ ኤንድ ዎልፍ ከእነዚህ አንዱ ነው። ይህ ጥናት እስካሁን በማንም መዝገብ ያልሰፈረ ሌላ የመርከብ መሥሪያ ይመለከታል፤ እሱም በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ በአንድ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ የሚገኝ ሳሎን ነው። ሳሎኑ አንድ ሶፋ፣ አንድ ቡፌ፣ አንድ የምግብ ጠረጴዛ፣ አንድ ቴሌቪዥንና የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል አለው። የባሕር ጠረን የለውም።

በዚህ ሳሎን፣ ከዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሰኞ እስከ ቀዳም ሥዑር ባሉት 55 ቀናት ውስጥ፣ 135 ሳንቲ ሜትር የምትረዝም ታይታኒክ ከሌጎ ተሠርታለች። የሠራት ታላቅ ወንድሜ ነው። ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ፤ በጥናቱ ውስጥ ግን «ተጠኚው» ይባላል፤ አንቱም አይባልም። ይህ ንቀት ሳይሆን የጥናት ሥነ ምግባር ነው። ባለቤቱን እትዬንና የእሳቸውን እናት እማማን ግን አንቱ ከማለት የሚያድን የጥናት ሥነ ምግባር አልተገኘም።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጾሙና ሰዓቱ ብቻ በእኛ ናቸው።

የጥናቱ መላ ምት እንደሚከተለው ነው። ሌጎ ጨዋታ ነው ይባላል። በሌጎ ትልቅ መርከብ የሚሠራ ሰው ግን አይጫወትም፤ ይታዘዛል። መላ ምቱ ሲቀረጽ «አይጫወትም» የሚለው ቃል በሁለቱም ትርጉሙ እንደሚፈተሽ አልታሰበም ነበር። በሁለቱም ተፈትሿል።

የጥናቱ ዘዴ

አጥኚው ተሳትፏዊ ምልከታን መርጧል። የመረጠበት ምክንያት የሚያድርበት ሶፋ ከመርከብ መሥሪያው በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ስለሚገኝና ሌላ አልጋ ስለሌለው ነው። የናሙናው ቁጥር አንድ ነው። ወደ ሁለት ለማሳደግ ታስቦ የነበረ ቢሆንም እትዬ «አንዱስ መቼ ተቻለ» በማለታቸው ሐሳቡ ቀርቷል። መረጃ የተሰበሰበው በማየት፣ በመስማትና በመርገጥ ነው። ሦስተኛው በዕቅድ አልነበረም። በ12ኛው ሌሊት አጥኚው መብራት ሳያበራ ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄድ በቀኝ ተረከዙ አንድ ፍሬ መረጃ ሰብስቧል። ጡቡ የሚሠራበት ፕላስቲክ ኤቢኤስ ይባላል፤ ጠንካራ ነው፤ ጠርዙ አይተኛም፤ ሥጋ ሲገጥመው የሚሸሸው ሥጋው ነው። በዚያ ሌሊት የተባለው ነገር ከሥነ ምግባር አንጻር ከጥናቱ ወጥቷል።

የቀደምት ሥራዎች ቅኝት

ሌጎ የተወለደው ባሕር ዳር አይደለም። በዴንማርክ፣ ቢሉንድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን የሚባል አናጢ በ1932 የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። በ1934 ለድርጅቱ ያወጣለት ስም ከሁለት የዴንማርክ ቃላት የተቆረጠ ነው፤ ትርጉሙ «ደህና ተጫወት» ማለት ነው። ፕላስቲኩ የመጣው በኋላ ነው። ዛሬ የምናውቀው፣ ከላይ ጉብታ ከታች ቱቦ ያለውና አንዱ ሌላውን ጨብጦ የማይለቀው ጡብ የፈጠራ መብት የተጠየቀለት ጥር 28 ቀን 1958 ነው። በዚያ ዓመት የተመረተ ጡብ ዛሬ ከወጣው ጋር ይገጥማል። አጥኚው በ1958 ተገዝቶ ዛሬ ከወጣው ጋር የሚገጥም ሌላ ዕቃ ለማሰብ ሞክሮ ሰፌድ ብቻ ነው የመጣለት። ስለ ሰፌድ ወደፊት እንመለሳለን።

እዚህ ላይ ስሙን ማጤን ያሻል። «ተጫወት» የሚለውን ቃል አማርኛ በነጻ አይለቀውም። በእኛ ቤት እንግዳ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ዝም ካለ «ተጫወቱ እንጂ» ይባላል። ተነሥተህ ዝለል ማለት አይደለም፤ አውራን ማለት ነው። ጨዋታ አዋቂ የምንለው ሰው ኳስ የሚችለውን አይደለም። ስለዚህ የዴንማርኩ አናጢ ለድርጅቱ ያወጣው ስም በአማርኛ ጆሮ ሲሰማ ዝም ላለ እንግዳ የሚነገር ማበረታቻ ነው። ዝምታው ላይ ስንደርስ ይህ ይታወስ።

ስለ መርከብ አሠራር ከተጻፉ ጥንታዊ መመሪያዎች አንዱ በኦሪት ዘፍጥረት ይገኛል። ኖኅ የተሰጠው ርዝመት 300 ክንድ፣ ወርድ 50 ክንድ፣ ከፍታ 30 ክንድ፣ ሦስት ደርብ፣ አንድ በር እና በውስጥም በውጭም ቅጥራን እንዲለቀልቅ የሚያዝ ቃልና ይህን የመሰለ ጥቂት ነገር ነው። ሥዕል አልነበረውም። ፍሬዎቹም በቁጥር በተለዩ ከረጢቶች አልተላኩለትም። ሠራት፤ ተንሳፈፈች።

የጣና ታንኳም እንዲሁ ነው። ደንገል ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል፤ በዚያው ቀዛፊው ይሄዳል። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ያኔ ሌላ ይሠራል። ማንም ታንኳ ሠሪ ገጽ 214 ላይ ስቶ ወደ ገጽ 209 ሲመለስ ታይቶ አይታወቅም። የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል በ1969 በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለማቋረጥ ሲነሣ ደንገሉ የተቆረጠው ከጣና፣ ሠሪዎቹ ግን የመጡት ከቻድ ሐይቅ ነበር። ጀልባዋ ብዙ ከተጓዘች በኋላ ውቅያኖሱን ሳትጨርስ ተተወች። በዓመቱ በቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎች የተሠራችው ሁለተኛዋ ባርቤዶስ ገባች። ከዚህ የምንረዳው ጥሬ ዕቃው የእኛ የሆነ መርከብ ወይ ይደርሳል ወይ አይደርስም የሚለውን ነው።

ከመርከቧ ጋር የባሕር አለመኖር ጥያቄም መነሣቱ አልቀረም። «ባሕር በሌለበት ቤት መርከብ ምን ይሠራል?» የሚለውን ያነሡት ጎረቤት በሙያቸው አካውንታንት ናቸው። ጥያቄው ግን በአገር ደረጃ ከተመለሰ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ የተቋቋመው በ1964 ነው፤ ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የለንም፤ መርከቦቹ ግን አሉ። ከመርከቦቹ ለአንዷ ሸበሌ የሚል ስም ተሰጥቷት ነበር። የዋቢ ሸበሌ ወንዝ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ውቅያኖስ ሳይደርስ ሶማሊያ ምድር ላይ ይቀራል፤ በስሙ የተጠራችው መርከብ ግን በውቅያኖስ ላይ ተመላልሳለች። በሰባተኛ ፎቅ ቡፌ ላይ የተቀመጠች ታይታኒክ ከዚህ ልማድ ያፈነገጠች አይደለችም።

ሌጎ ራሱ ባሕር ላይ የወጣበት በሚገባ የተመዘገበው ጉዞ ግን መርከብ ሆኖ አይደለም። በየካቲት 13 ቀን 1997 ቶኪዮ ኤክስፕረስ የተባለች የጭነት መርከብ ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ፊት ለፊት በማዕበል ተመትታ 62 ኮንቴይነሮች ጣለች። በአንዱ ውስጥ 4,756,940 የሌጎ ፍሬዎች ነበሩ። ብዙዎቹ በአጋጣሚ የባሕር ነገሮች ናቸው፤ ጠላቂዎች የሚያጠልቁት የእግር መቅዘፊያ፣ የአየር ጋን፣ ኦክቶፐስ። በኮርንዋል ዳርቻ የሚመላለሱ ሰዎች እስከዛሬ ይለቅማሉ። አጥኚው ይህን ለተጠኚው በነገረው ጊዜ ተጠኚው ቀና ሳይል «ከረጢቱ ቁጥር ነበረው?» ብሏል። በዚያ ሳምንት የተናገረው ብቸኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው።

ስለ ዕቃው

መርከቢቱ ገበያ ላይ የዋለችው በ2021 ነው። 9,090 ፍሬ ናት። ከፍታዋ 44፣ ወርዷ 16 ሳንቲ ሜትር ነው። ስትወጣ ዋጋዋ በአሜሪካ 629.99 ዶላር ነበር፤ ለፍሬ ሲካፈል ወደ 7 ሳንቲም ይመጣል። ሳጥኑ ላይ 18 እና ከዚያ በላይ የሚል ተጽፏል። ተጠኚው ዕቃውን ወደ ቤት ሲያስገባ «ለልጁ ነው» ብሎ ነበር። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን በመጀመሪያ ያነበበው ራሱ ልጁ ነው፤ ወደ አባቱ ቀና ብሎ አይቶ፣ ምንም ሳይል ወደ ክፍሉ ገብቷል።

የገንዘቡ ምንጭ ዕቁብ ነው። በጉዳዩ ላይ በባልና ሚስት መካከል የተደረገው ምልልስ እንዳለ ቀርቧል።

«ዕቁቡ ደረሰህ?»

«ደረሰኝ።»

«ታዲያ?»

«መርከብ ገዛሁበት።»

እትዬ ለትንሽ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «በስማችን ነው በስምህ?» ብለው ጠይቀዋል።

ለምን ታይታኒክ ተመረጠች ለሚለው መልሱ አዲስ አበባ ነው ያለው። ፊልሙ በ1997 ወጥቶ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት በደረሰ ጊዜ ተጠኚው አግዳሚ ወንበር ላይ ከአሥራ አምስት ሰው ጋር ተጣብቦ ሦስት ጊዜ አይቶታል። በሦስተኛው መብራት በመጥፋቱ መርከቢቱ አልሰጠመችም። ተጠኚው ይህን ዛሬም የሚያወራው በተስፋ ነው።

የእውነተኛዋ ነገር ይታወቃል። መሠረቷ በመጋቢት 31 ቀን 1909 ተጣለ፤ በግንቦት 31 ቀን 1911 ውሃ ላይ ወረደች፤ 269 ሜትር ትረዝም ነበር፤ የብረት ካስማዎቿ 3 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። በሚያዝያ 14 ቀን 1912 ከሌሊቱ 5፡40 ላይ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጨች፤ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቆይታ ሰጠመች፤ 1,500 ያህል ሰው አለቀ። ከአራቱ ጭስ ማውጫዎቿ የማሞቂያዎቹን ጭስ የሚያወጡት ሦስቱ ነበሩ፤ አራተኛው በዋናነት ለአየር ማስወጫና ለግርማ የተጨመረ ነው። ይህን ሌላ አገር የሰማ ሰው ይገረም ይሆናል። ማንም የማይጠጣባቸው አሥራ ሁለት ብርጭቆዎች በቡፌ ተደርድረው ባሉበት ሳሎን ግን ሳይብራራ ይገባል።

ሂደቱ

ተጠኚው በሙያው ታክሲ ነጂ ነው። ታክሲ የያዘው አለቃ ላለማየት እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ጂፒኤስ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ስትለው «አንቺ ማን ነሽ» ይላታል፤ ወደ ግራ ታጥፎም በኋላ ስትስማማ «አየህ» ብሎ ለተሳፋሪው ያስረዳል። የመጻሕፍት መደርደሪያ ከመደብር ገዝቶ ያመጣ ዕለት መመሪያውን ሳይገልጥ ለድስት ማስቀመጫ አድርጎታል። መደርደሪያው ዛሬ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። የተረፉትን ሦስት ብሎኖች በተመለከተ ለተነሣው ጥያቄ «ፋብሪካው አብዝቶ ነው» የሚል መልስ ሰጥቷል።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በጾሙ የመጀመሪያ ሰኞ፣ ቢራ ባቆመ በመጀመሪያው ምሽት፣ አሠራሩን በቃል ሳይሆን በሥዕል ብቻ በሚነግር መመሪያ ፊት እንደ ዲያቆን እጁን አጣጥፎ የተቀመጠው። ገጹን በሁለት ጣት ይገልጣል። ጡቡን ከሥዕሉ ጋር ያመሳክራል። ጉብታዎቹን በጥፍሩ ይቆጥራል። ሲሳሳት ማንንም አይሳደብም፤ ወደ ኋላ ይገልጣል። እትዬ በ18 ዓመት ትዳራቸው «ተሳሳትኩ» ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት በሦስተኛው ሳምንት፣ ለአንድ ግራጫ ጡብ ሲናገር ነው።

የጥናቱ ማዕከላዊ ስሌት እዚህ ላይ ይገባል። ባለ ስምንት ጉብታ፣ አንድ ቀለም ያላቸው ስድስት ጡቦች ብቻ ቢሰጡህ በ915,103,765 መንገድ ልትገጣጥማቸው ትችላለህ፤ ይህን ያሰሉት የሒሳብ ሊቃውንት ናቸው። በስድስት ጡብ ዘጠኝ መቶ ሚሊዮን ምርጫ ማለት ነው። ተጠኚው ግን 9,090 ፍሬ ገዛ፤ ምርጫውም አንድ ሆነ። ጡቡ በበዛ ቁጥር ነጻነቱ የሚያልቅበትን ይህን ክስተት ሌሎች አጥኚዎች በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ይፈትሹት ዘንድ እንጠቁማለን።

ዝምታው የተጀመረው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ተጠኚው ከዚያ በፊት ጨዋታ አዋቂ ነበር። የአዲስ አበባውን፣ የካርቱሙን፣ የመጀመሪያውን የበረዶ ክረምት፣ ሁሉንም ያወራል፤ የሰማነውንም እንሰማዋለን። መርከቢቱ ወለሏ ካለቀ በኋላ ግን የሚሰማው «ቅጭ» ብቻ ሆነ። ጡብ ጡብን ሲይዝ የሚያሰማው ድምፅ ነው። በምሽት በአማካይ 165 ጊዜ ቅጭ ይላል፤ ይህ 9,090 ለ55 ሲካፈል የሚገኝ ነው። ጎረቤቶች ለቡና መጥተው ተቀመጡ፤ ቅጭ። «ተጫወት እንጂ» አሉት። «እየተጫወትኩ ነው» አለና አንዲት ፍሬ አነሣ። እንግዶቹ ሦስተኛውን ሳይጠጡ ሄዱ። አጥኚው ይህን የመላ ምቱ ሙሉ ማረጋገጫ አድርጎ ይወስደዋል፤ እትዬ በበኩላቸው ሌላ ስም ሰጥተውታል፤ ስሙ ለኅትመት አይሆንም።

ስለ ለቀማው ለብቻ መነገር አለበት። እማማ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ የመጡት በአምስተኛው ሳምንት ነው። ሻንጣቸው ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ሁለት ነጠላና አንድ ሰፌድ ነበር። ሰፌዱ ለምን እንደመጣ ሲጠየቁ «አገሩ ምስር የለውም እንዴ?» ብለዋል። በማግስቱ ተጠኚው አንዲት ጥቁር ፍሬ ከሦስት መቶ ጥቁሮች መሀል ሲፈልግ፣ እማማ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ፤ ከረጢቱን ሰፌዱ ላይ ዘረገፉት። አንድ ጊዜ አንገዋለሉት። ትናንሾቹ በአንድ ወገን፣ ትልልቆቹ በአንድ ወገን ተለዩ። ከዚያ በሌባ ጣታቸው ጎተት፣ ጎተት እያደረጉ ለቀሙት። ተጠኚው 40 ደቂቃ ይፈጅበት የነበረው ለቀማ በ6 ደቂቃ አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማታ ጸሎታቸው በኋላ የነገውን ከረጢት ለቅመው፣ በሲኒ በሲኒ ከፋፍለው ያሳድሩለታል። መመሪያውን አንድም ቀን አላዩትም። ምን እየተሠራ እንደሆነም አልጠየቁም። የጥናቱ ብቸኛ ባለሙያ እሳቸው ናቸው።

ሁለት አደጋዎች ደርሰዋል። የመጀመሪያው የትርፍ አደጋ ነው። ተጠኚው የመጀመሪያውን ከረጢት ሲጨርስ አንዲት የምስር ፍሬ የምታክል ጡብ ተረፈችው። መደርደሪያው ላይ «ፋብሪካው አብዝቶ ነው» ያለው ሰው፣ አሁን ላብ አሰመጠው፤ የሁለት ሰዓት ሥራ አፍርሶ ከገጽ 1 ጀመረ። ሁለተኛም ተረፈችው። ሐቁ ፋብሪካው በእርግጥ ያበዛል፤ በጣም ትናንሽ ፍሬዎች ቢጠፉ ብሎ መጠባበቂያ ይጨምራል። ሰውዬው በብሎን ጉዳይ ሲዋሽ የኖረው ነገር በሌጎ እውነት ሆኖ ስላገኘው ማመን አልቻለም።

ሁለተኛው የጉድለት አደጋ ነው። በሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ፣ ለታክሲ ከሳምንቱ ደህና ገቢ በሚገኝበት ቀን፣ አንዲት ፍሬ ጠፋች። ተጠኚው ከሥራ ቀረ። ሶፋው ተገለበጠ፤ አጥኚው አብሮ ተገለበጠ። የቫኪዩሙ ሆድ በጋዜጣ ላይ ተዘረገፈ። ልጁ ኪሱን ሁለት ጊዜ ተፈተሸ። ከአራት ሰዓት በኋላ ፍሬዋ በሰፌዱ ስፌት መሀል፣ በአክርማው ውስጥ ተሰክታ ተገኘች። ዋጋዋ ከላይ እንደተሰላው 7 ሳንቲም ነው። የዕለቱን የቀረ ገቢ ለማስላት አጥኚው ወረቀት ሲያነሣ ተጠኚው ወረቀቱን ቀምቶታል።

በዚያው ሳምንት ልጁ ከራሱ የድሮ ባልዲ ነጭ ጡቦች አውጥቶ፣ ክፍሉን ዘግቶ፣ ጎበጥ ቀጠን ያለ አንድ ነገር ሠርቶ መጣ። መመሪያ አልነበረውም። ጠረጴዛው ላይ ከመርከቢቱ አፍንጫ አንድ ስንዝር አርቆ አስቀመጠው። የበረዶ ተራራ ነው። አባትየው አየው፣ መመሪያውን ከፍቶ የመጨረሻዎቹን ገጾች አገላበጠ፣ «ይሄ የለበትም» ብሎ ወደ መስኮቱ አነሣው። እውነቱን ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ የበረዶ ተራራ የለም። አንድ የአይስላንድ ልጅ ከዚህ በፊት ከ56,000 ጡብ ታይታኒክን በ11 ወር፣ በ700 ሰዓት ሠርቷል፤ ልጆች እንደሚችሉ የታወቀ ነው። ግን አንድ የበረዶ ተራራ ሁለት ጊዜ ከጠረጴዛ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ በራሱ ሲመለስ አጥኚው ያየው በዚህ ቤት ብቻ ነው።

የእማማ ጥያቄዎች

መርከቢቱ በስቅለት ማግስት አለቀች። ተጠኚው የሳምንታት ዝምታውን የሰበረው ለእማማ ሲያስጎበኝ ነው። መርከቢቱ ሦስት ቦታ ስለምትከፈት ውስጧን፣ ትልቁን ደረጃና የማሞቂያ ክፍሉን፣ አሳያቸው። እማማ ከስግደት የዛለ ጉልበታቸውን ይዘው አጎንብሰው አዩ።

«ይሄዳል?»

«አይሄድም፣ እማማ። ሞተሩ ግን ይንቀሳቀሳል።»

«በምን?»

«እርስዎ ከኋላ ያለችውን መዘውር በጣትዎ ሲያዞሯት።»

እማማ አዞሩ። ውስጥ ያለው ሞተር ወደ ላይ ወደ ታች አለ። በእውነተኛዋ መርከብ ሞተሩ መዘውሩን ያዞር እንደነበር፣ እዚህ ግን መዘውሩ ሞተሩን እንደሚያዞር ተጠኚው በዝርዝር አስረዳ። እማማ በትዕግሥት ሰሙ።

«ውሃ ላይስ?»

«አትንሳፈፍም።»

«ይቺ ያቺ ናት? ያ ልጅ የሞተባት?»

«ያቺው ናት።»

«ስንት ሰው ነበር ያለቀው?»

«አንድ ሺህ አምስት መቶ ያህል።»

እማማ አማተቡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ከመርከቢቱ አንድ እርምጃ ሸሹ። «አንተ ልጄ፣ በሕማማት!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ውስጡ ሰው አለበት?»

ተጠኚው የለበትም አለ። ልክ ነበር። ይህች መርከብ ከብዙ የሌጎ ሳጥኖች በተለየ አንድም ሰው የላትም። እውነተኛዋ በ200 ስለተካፈለች፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ መንገደኛ ቢሳፈርባት 9 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ የአንድ ጡብ ከፍታ ደግሞ 9.6 ሚሊ ሜትር ነው። ሰው ከጡብ አንሶ ቀርቷል።

«አንድም?» አሉ እማማ።

«አንድም።»

«ተመስገን» አሉ፤ ተመልሰው ቀረቡ።

የጥናቱ ፋይዳ

ተፈልጎ አልተገኘም።

የመጨረሻ ግኝት እና ጥሪ

ቅዳሜ ማታ ጠረጴዛው ለዶሮው ተፈለገ። ሁዳዴ ማንም ማንንም ምሳ የማይጠራበት ወራት ስለሆነ ጠረጴዛው 55 ቀን መርከብ መሥሪያ ሆኖ ቢቆይ ያጎደለው ነገር አልነበረም፤ ለፋሲካ ግን 14 ሰው ተጠርቷል። 135 ሳንቲ ሜትር መርከብ የሚያርፍበት ቦታ በቤቱ ተፈለገ። ያዘነበለው መደርደሪያ በራሱ በተጠኚው ተቃውሞ ቀረ። ቴሌቪዥኑ ቀጭን ነው። ከቅዱስ ሚካኤል ሥር እንዳይቀመጥ እማማ ከለከሉ። የቀረው ቡፌው ነው።

የቡፌው ከፍታ 1 ሜትር ነው። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ ከእኛ በታች 6 ፎቅ አለ፤ አንዱ 3 ሜትር ቢሆን 18፣ ከቡፌው ጋር 19 ሜትር ይሆናል። እውነተኛዋ ታይታኒክ በ1985 የተገኘችው በ3,800 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ነው፤ ይህ ለ200 ሲካፈል 19 ሜትር ነው። በሌላ አነጋገር መርከቢቱ ባለችበት ሆና የውቅያኖሱ ወለል የሕንፃው መኪና ማቆሚያ ነው፤ ተጠኚው ታክሲውን በየማታው የሚያቆመው ስባሪው የተኛበት ቦታ ላይ ነው። ይህን ስሌት አጥኚው ሌሊቱን ሠርቶ ጠዋት ሲያቀርብ ተጠኚው በጣም ደስ ብሎት ለ14ቱም እንግዶች እየደጋገመ አወራላቸው። ካርቱምም ተወራ። የበረዶውም ክረምት ተወራ። የሰማነውን ሁሉ በድጋሚ ሰማን፤ እትዬ ሦስተኛውን ቡና ለሁሉም ቀዱ።

የበረዶ ተራራው በአሁኑ ሰዓት ቡፌው ላይ፣ ከመርከቢቱ በስተቀኝ ይገኛል። ማን እንዳስቀመጠው አልተጣራም።

የቀረ አንድ ጉዳይ አለ። ቡፌው ላይ ዳንቴል ሳይነጠፍ ዕቃ እንደማይቀመጥ እማማ አስታውቀዋል፤ ያለው ዳንቴል ክብ ስለሆነ መርከቢቱ በሁለቱም ወገን ተርፋ ትታያለች። ስለዚህ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ40፣ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነጭ ዳንቴል ያላችሁ ወይም የምትሠሩ እናቶች ለአጥኚው እንድታሳውቁ በትሕትና እንጠይቃለን። መርከቢቱ ሦስት ቦታ ስለምትከፈት ሦስት ቁራጭ ቢሆንም ያስኬዳል። ሒሳቡ በሚቀጥለው ዕቁብ ይከፈላል።